የክለብ ባለቤትነት፣ ወጪ እና የተጫዋቾች ዝውውር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአውሮፓ እግር ኳስ ደጋፊዎች በየዝውውር መስኮቱ (ተጫዋቾች ክለብ መቀየር በሚችሉበት የተወሰነ ጊዜ) ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የአንድ ክለብ ባለቤት ማን ነው? ሁሉም ክለብ ባለቤት አለው?

በእንግሊዝ አብዛኛው ክለብ እንደ ማንኛውም ኩባንያ በአክሲዮን የተያዘ ነው፤ አክሲዮኑን የገዛ ክለቡን ገዛ ማለት ነው። ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን በ2003፣ የግሌዘር ቤተሰብ ማንቸስተር ዩናይትድን በ2005፣ ፌንዌይ ስፖርትስ ግሩፕ ሊቨርፑልን በ2010 የያዙት በዚህ መንገድ ነው። አርሰናልም ስታን ክሮንኬ የአሊሸር ኡስማኖቭን ድርሻ ገዝተው በ2018 ጠቅልለው እስኪይዙት ድረስ ለዓመታት በሁለት ባለሀብቶች መካከል ተወጥሮ ኖሯል።

ሌላው ዓይነት የአባላት ክለብ ነው። ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ አትሌቲክ ቢልባኦ እና ኦሳሱና ሌሎቹ የስፔን ክለቦች ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ሲለወጡ በአባላት ማኅበርነታቸው ጸንተው የቀሩ ናቸው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው፤ የሚሸጥ አክሲዮን ስለሌለ የፈለገ ባለሀብት ቢመጣ ክለቡን ሊገዛው አይችልም።

የጀርመኑ «50+1» የሚባለው ደንብ ምንድን ነው?

በጀርመን የክለቡ የእግር ኳስ ክፍል ኩባንያ ቢሆን እንኳ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ በአባላቱ ማኅበር እጅ መቆየት አለበት። ባለሀብት ገንዘቡን ማስገባት ይችላል፤ ብቻውን ወስኖ ማስፈጸም ግን አይችልም። ባየር ሌቨርኩሰን እና ቮልፍስቡርግ ከመነሻቸው የፋብሪካ ክለቦች በመሆናቸው በልዩ ሁኔታ ተፈቅዶላቸው ኖሯል። አርቢ ላይፕዚግ በበኩሉ ድምፅ ያላቸውን አባላት ቁጥር እጅግ ጥቂት በማድረግ የደንቡን ፊደል ጠብቆ መንፈሱን ገድሏል ተብሎ በሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች አጥብቆ ይወገዛል። ወቀሳው ተገቢ ይመስለኛል፤ ደንቡ የወጣው ደጋፊው ድምፅ እንዲኖረው እንጂ ጥቂት ሰዎች በአባልነት ስም እንዲፈርሙ አልነበረም።

የዝውውር ሒሳቡ ለማን ነው የሚከፈለው? ተጫዋቹስ ምን ያገኛል?

ገንዘቡ የሚሄደው ለሸጪው ክለብ ነው። ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ ስለሚለቅ ክለቡ ለሚቀርበት አገልግሎት ካሳ ይቀበላል። ተጫዋቹ ጥቅሙን የሚያገኘው ከአዲሱ ክለብ ጋር በሚዋዋለው ደመወዝ፣ በፊርማ ክፍያ እና በጉርሻ ነው፤ ወኪሉም የራሱን ኮሚሽን ይቀበላል።

ብዙ ደጋፊ የማያስታውሰው ሌላ ተቀባይም አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከሒሳቡ 5 በመቶው ተነሥቶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በ13 ዓመቱ ያሠለጠነው ትንሽ ክለብ፣ ልጁ ከሄደ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሜዳውን የሚያድስበት ገንዘብ ሊደርሰው ይችላል። ከእግር ኳሱ የገንዘብ ደንቦች ሁሉ ይህን ያህል ፍትሐዊ የሆነ ሌላ አላውቅም።

አንድ ክለብ «100 ሚሊዮን አወጣ» ሲባል ያን ያህል ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ፦ የተስማሙበት ዋጋ፣ በየጊዜው የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብ እና በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ወጪ። ዋጋው ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል። ከፊሉም «ቡድኑ ዋንጫ ካነሣ»፣ «ተጫዋቹ ይህን ያህል ጨዋታ ከተሰለፈ» በሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች የታሰረ ስለሆነ ጭራሽ ላይከፈል ይችላል።

የመዝገቡ ወጪ ደግሞ በውሉ ዘመን ልክ ይከፋፈላል። ቼልሲ ኤንዞ ፈርናንዴዝን በጃንዋሪ 2023 ከቤንፊካ ያመጣው በ107 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፤ ውሉ ግን ስምንት ዓመት ተኩል ነበር። ዋጋው ለዘመኑ ሲካፈል በየዓመቱ የሚመዘገበው ወጪ ከ13 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ይሆናል። በአምስት ዓመት ውል ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ዓመታዊው ወጪ ከ21 ሚሊዮን በልጦ ይመዘገብ ነበር። ሌሎቹ ክለቦች ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት (ዩኤፋ) በዚያው ዓመት፣ ፕሪሚየር ሊጉም በዲሴምበር 2023 ወጪው የሚከፋፈልበትን ጊዜ ከአምስት ዓመት እንዳይበልጥ ወሰኑ።

ረጅም ውል መዘዝም አለው። ተጫዋቹ ካልተሳካለት ደመወዙ እስከ ውሉ ማብቂያ ድረስ የክለቡ ዕዳ ነው። ሊሸጡት ሲሞክሩም በመዝገብ ላይ የቀረው ዋጋ ከሽያጩ ከበለጠ ልዩነቱ በኪሳራ ይመዘገባል። አዲስ ተጫዋች ሲፈርም የሚጮኸው ቁጥር የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ክለብን የሚያንገዳግደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፊርማው ማግስት ጀምሮ በየሳምንቱ የሚከፈለው ነው።

ባለቤታችን ቢሊየነር ነው፤ ታዲያ ለምን የፈለግነውን ተጫዋች አንገዛም?

ካዝናው ቢሞላም የሚያግደው ደንብ አለ። ፕሪሚየር ሊጉ እስከ 2025/26 የውድድር ዓመት ሲሠራበት በኖረው የትርፋማነት እና የዘላቂነት ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይችልም ነበር፤ ለዚያም ቢሆን ከኪሳራው አብዛኛውን ባለቤቱ ከራሱ ገንዘብ መሸፈን ነበረበት። ለወጣቶች ማሠልጠኛ፣ ለሴቶች ቡድን እና ለስታዲየም የወጣው ከዚህ ስሌት ውጪ ነበር። ዩኤፋ ደግሞ በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለደመወዝ፣ ለዝውውር እና ለወኪል የሚያወጡት ከገቢያቸው 70 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል።

የደንቡ መነሻ ባለሀብቱ በአንድ ጀምበር ጥሎ ቢሄድ ክለቡ እንዳይፈርስ ነው። አብራሞቪች በማርች 2022 ማዕቀብ ሲጣልባቸው ቼልሲ ትኬትና ማሊያ መሸጥ ሳይቀር ተከልክሎ፣ በመንግሥት ልዩ ፈቃድ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ወራት እንዳሳለፈ ያየ ሰው ስጋቱ ከንቱ እንዳልሆነ ይረዳዋል። ሆኖም የደንቡ ተቃዋሚዎችም እውነት አላቸው። ወጪ በገቢ ሲለካ ትልቅ ስታዲየም እና በዓለም ዙሪያ ደጋፊ ያለው ክለብ ሁልጊዜ ቀድሞ ይነሣል፤ ትንሹ ክለብ በአንድ ባለሀብት ትከሻ ዘልሎ መቀላቀል ይከብደዋል። ሁለቱም ወገኖች ትክክል የሆኑበት ክርክር ስለሆነ በቀላሉ አያልቅም።

ኖቲንግሃም ፎረስት ተጫዋቹን በውድ ዋጋ ሸጦ ለምን ነጥብ ተቀነሰበት?

የሒሳብ ዘመኑ የሚዘጋበት ቀን ስላለፈበት ነው። ፎረስት ብሬናን ጆንሰንን ለቶተንሃም የሸጠው በሴፕቴምበር 1 ቀን 2023፣ በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። የሒሳብ ዓመቱ ግን ጁን 30 ተዘግቶ ነበር። ክለቡ ቀደም ሲል የቀረበለትን ያነሰ ዋጋ አልቀበልም ብሎ የተሻለ ገዢ መጠበቁ ከንግድ አንጻር ብልህነት መሆኑን ተከራክሯል፤ ጠብቆ መሸጡም በእርግጥ ብዙ ሚሊዮን ጨምሮለታል። ዳኞቹ ግን ቀኑ ቀን ነው አሉ። የተፈቀደለትን የ61 ሚሊዮን ፓውንድ የኪሳራ ጣሪያ በ34.5 ሚሊዮን በማለፉ በማርች 2024 አራት ነጥብ ተቀነሰበት። ጣሪያው ከ105 ሚሊዮን ያነሰው በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ሁለቱን በታችኛው ዲቪዚዮን ስላሳለፈ ነው።

በየዓመቱ ጁን መጨረሻ ላይ ድንገተኛ የሚመስሉ ሽያጮች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን በገዛ ማሠልጠኛችን ያደገውን ልጅ እንሸጣለን?

በመዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ ስለሌለው ከሽያጩ የሚገኘው ሁሉ ንጹሕ ትርፍ ተደርጎ ይያዛል። በ60 ሚሊዮን ተገዝቶ በ55 ሚሊዮን የሚሸጥ አጥቂ በሒሳቡ ላይ እንደ ዘመኑ ትንሽ ትርፍ ወይም ኪሳራ ሊያሳይ ይችላል፤ ቼልሲ ሜሰን ማውንትን በ2023 ለማንቸስተር ዩናይትድ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ዋጋ ሲሸጥ ግን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ በትርፍ ዓምድ ሰፈረ። ማውንት ከልጅነቱ ጀምሮ በክለቡ ያደገ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ ያነሣ ተጫዋች ነበር።

የትርፋማነት ደንቡ ክለቦች ወጣት እንዲያሳድጉ ያበረታታል ተብሎ ነበር፤ ያሳደጉትን እንዲሸጡም አብሮ ገፋፋ። ደጋፊው ስሙን በልጅነቱ የሚያውቀው፣ ከእሱ ጋር በአንድ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ክለቡን ሲደግፍ ያደገ ተጫዋች ለሒሳብ ማስተካከያ ሲሄድ ማየት ያማል፤ ሕመሙም ተገቢ ነው። ይህ የደንቡ ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

«ነጻ ዝውውር» በእርግጥ ነጻ ነው?

ለቀድሞው ክለብ የሚከፈል ነገር የለም ማለት ነው እንጂ ለአዲሱ ክለብ ያለ ወጪ ይመጣል ማለት አይደለም። መብቱ የተገኘው ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ከክለባቸው ከሊየዥ ጋር ተካሰው፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 15 ቀን 1995 ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ የመሄድ መብት አለው ብሎ ከፈረደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሶል ካምቤል በ2001 ከቶተንሃም ወደ አርሰናል፣ ኪሊያን ምባፔ በ2024 ከፓሪ ሴንት ዠርሜን ወደ ሪያል ማድሪድ ያለ ዝውውር ሒሳብ ተጉዘዋል። ያልተከፈለው የዝውውር ዋጋ ግን ከፊሉ ወደ ደመወዝና ወደ ፊርማ ክፍያ ይዞራል። የድርድሩ ጉልበት ከክለቡ ወደ ተጫዋቹ ተሻገረ ማለት ነው።

በሸጪው በኩል ጉዳቱን ለማየት ፖል ፖግባን ማስታወስ ይበቃል። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2012 ወደ ዩቬንቱስ የለቀቀውን ልጅ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ መልሶ ገዛው፤ በ2022 ውሉ ሲያልቅ በነጻ ወደዚያው ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ስለዚህ ተጫዋች ውሉ ሁለት ዓመት ሲቀረው ክለቡ «ፈርም ወይም እንሽጥህ» ቢል ጭካኔ አይደለም።

የውል ማፍረሻ ሒሳብ ምንድን ነው?

ያንን ገንዘብ ያቀረበ ክለብ ሸጪውን ሳይለምን ተጫዋቹን የሚወስድበት በውሉ ላይ የተጻፈ ዋጋ ነው። በስፔን ሕጉ ራሱ ለተጫዋቹ ውሉን በካሳ የማፍረስ መብት ስለሚሰጠው በሁሉም ውል ላይ ይሰፍራል። ኔይማር በኦገስት 2017 ከባርሴሎና ወደ ፓሪ ሴንት ዠርሜን የሄደው በዚህ መንገድ፣ በ222 ሚሊዮን ዩሮ ነው። የስፔን ሊግ የሆነው ላሊጋ ክፍያውን ለመቀበል እምቢ ሲል የተጫዋቹ ጠበቆች ገንዘቡን በቀጥታ ለባርሴሎና አስረከቡ፤ ክለቡም ሊያስቆመው አልቻለም።

በእንግሊዝ ግን ጉዳዩ በተዋዋዮቹ ስምምነትና በቃላቱ አጻጻፍ ላይ የቆመ ነው። አርሰናል በ2013 ለሉዊስ ሱዋሬዝ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ከአንድ ፓውንድ ያቀረበው በውሉ ላይ ያለ አንቀጽ ይፈቅድልኛል ብሎ ነበር። ሊቨርፑል አልሸጥም አለ፤ ሱዋሬዝም ቀረ።

ውል ያለው ተጫዋች ልምምድ አልሠራም ብሎ ክለቡን ማስገደድ ይችላል?

በሕግ አይችልም፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ዑስማን ዴምቤሌ በ2017 ከዶርትሙንድ ወደ ባርሴሎና፣ አሌክሳንደር ኢሳክ በ2025 ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል የሄዱት ከቡድናቸው ተለይተው ከቆዩ በኋላ ነው። ኢሳክ የተሸጠው በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በመስኮቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ክለቡ ሊቀጣ፣ ከቡድን ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን መቶ ሚሊዮን የሚያወጣ ተጫዋች በተመልካች ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ይህን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል።

ውሉን አፍርሶ መሄድ ደግሞ በፊፋ ደንብ ከባድ ካሳ ያስከትላል። ይህ ደንብ ራሱ በተጫዋቹ ላሳና ዲያራ ክስ ምክንያት በኦክቶበር 2024 ከአውሮፓ ሕብረት ሕግ ጋር ይጋጫል ተብሎ ስለተፈረደበት እየተለወጠ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ መሄድ የመፈለግ መብት አለው፤ ክለቡ ተጫዋቹን ሲፈልግ በውል፣ ሳይፈልገው ደግሞ «ገዢ ፈልግ» እያለ እንደሚያሰናብት እያወቅን ታማኝነትን ከአንድ ወገን ብቻ መጠየቅ አይገባም። ደመወዝ እየተቀበሉ ባልደረቦችን ሜዳ ላይ ጥሎ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ያወጣ ክለብ ያሸንፋል?

በረጅሙ ሲታይ አዎ፤ ነገር ግን ደጋፊው የሚቆጥረው ወጪ ሌላ፣ ውጤት የሚያመጣው ወጪ ሌላ ነው። በእንግሊዝ ሊጎች ላይ የተካሄዱ የምጣኔ ሀብት ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት የክለቦች ደረጃ ከዝውውር ወጪያቸው ይልቅ ከደመወዝ ክፍያቸው ጋር በእጅጉ ይያያዛል። ምክንያቱ አይሰወርም፤ የተጫዋች ትክክለኛ ዋጋ በየሳምንቱ የሚከፈለው ነው፤ የዝውውር ዋጋ ግን በውሉ ቀሪ ዘመን፣ በሸጪው ችግር እና በገዢው ችኮላ ይናጣል። የባለሀብቱ ቶድ ቦሊ እና የክሊርሌክ ኩባንያ ጥምረት ቼልሲን በ2022 ከገዛ በኋላ በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ከየትኛውም የእንግሊዝ ክለብ በላይ አውጥቶ 12ኛ ሆኖ ጨርሷል።

በተቃራኒው ሌስተር በ2016 ሻምፒዮን ሲሆን ንጎሎ ካንቴን ከፈረንሳዩ ክለብ ካን ያመጣው በ5.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በአቋማሪ ድርጅቶች ዘንድ የዋንጫው ግምት 5,000 ለ1 ነበር። ብራይተን ሞይሰስ ካይሴዶን ከኢኳዶር በጥቂት ሚሊዮን ገዝቶ በ2023 እስከ 115 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ለቼልሲ ሸጧል። እነዚህን ምሳሌዎች ሁላችንም እንወዳቸዋለን። ነገር ግን ሌስተር በሰባት ዓመት ውስጥ፣ በ2023፣ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወርዷል፤ ብራይተንም እስካሁን ሊጉን አላሸነፈም። ብልህ ክለብ ከገንዘቡ በላይ ይወጣል፤ እዚያው ለመቆየት ግን ደመወዝ የመክፈል አቅም ያስፈልገዋል።

ምርጡን ተጫዋች መሸጥ ክለቡ ለማሸነፍ ፍላጎት እንደሌለው ያሳያል?

ብቻውን ምንም አያሳይም፤ የሚያሳየው ቀጥሎ የተገዛው ነው። ሊቨርፑል በጃንዋሪ 2018 ፊሊፔ ኩቲኞን እስከ 142 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ለባርሴሎና ሲሸጥ ደጋፊው ተቆጥቶ ነበር። በዚያው ወር ቨርጂል ቫን ዳይክ በ75 ሚሊዮን ገባ፤ በዚያው ክረምት ግብ ጠባቂው አሊሰን ተከተለ። በሜይ 2019 ኩቲኞ ከባርሴሎና ጋር ወደ ሊቨርፑል ስታዲየም ወደ አንፊልድ ተመልሶ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሊቨርፑልም የሻምፒዮንስ ሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለ30 ዓመታት የናፈቀውን የሊግ ዋንጫ።

ቶተንሃም በ2013 ጋሬዝ ቤልን በዓለም ክብረ ወሰን ሸጦ ሰባት ተጫዋቾች ገዛ። ከሰባቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን ብቻ ገንኖ ወጣ፤ አሠልጣኙ አንድሬ ቪላስ ቦአስ ከገና በፊት ተሰናበቱ። ልዩነቱ ሊቨርፑል የጎደለውን ቦታ ያውቅ ነበር፤ ሊሸጥ ከመነሣቱ በፊትም ቫን ዳይክን ከመረጠ ቆይቷል።

ዕዳ ያለበት ክለብ ሁሉ አደጋ ላይ ነው?

ዕዳው ምን ገዛ? ባይሳካስ ማን ይከፍለዋል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከቁጥሩ ይበልጣሉ። ቶተንሃም በ2019 የከፈተውን ስታዲየም የሠራው በአብዛኛው በብድር ነው፤ ሕንጻው ግን በየሳምንቱ ገንዘብ ያስገባል። በማንቸስተር ዩናይትድ የሆነው የተለየ ነው። የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛ ከግዢው ገንዘብ ትልቁን ክፍል ተበድሮ ዕዳውን በክለቡ ስም አሰፈረው። ለአሥርት ዓመታት ዕዳ ያልነበረበት ክለብ ራሱ ለተሸጠበት ብድር ወለድ ከፋይ ሆነ። ደጋፊዎቹ ሃያ ዓመት ሙሉ የተቆጡት ዋንጫ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ በሰር አሌክስ ፈርጉሰን ዘመን ዋንጫ እየተነሣም ይቃወሙ ነበር።

ወደፊት በሚመጣ ገቢ ላይ ተበድሮ ተጫዋች መግዛት ከሁሉም የከፋው ነው። ሊድስ ዩናይትድ ለ25 ዓመታት ከሚሸጠው ትኬት የሚገኘውን ገቢ አስይዞ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ፤ በ2001 ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ስሌቱ በየዓመቱ እዚያው ውድድር ላይ እንደሚገኝ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት አልተገኘም። ሪዮ ፈርዲናንድ ተሸጠ፤ ሌሎቹም ተከታተሉ፤ ክለቡ በ2004 ወረደ፤ ኤላንድ ሮድ ስታዲየሙንም ሸጠ፤ በ2007 ሦስተኛው ዲቪዚዮን ገባ። ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሰው በ2020 ነው። በወረደበት ዓመት የተወለደ የሊድስ ልጅ ክለቡን በትልቁ ሊግ ሳያይ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ቤሪ የተባለው፣ በ1885 የተመሠረተው ክለብ ደግሞ በኦገስት 2019 ከሊጉ ጭራሽ ተባረረ።

ባርሴሎና ባለቤቱ ደጋፊው ከሆነ ሜሲን እንዴት አጣ?

የአባላት ባለቤትነት ክለቡን ከመሸጥ ያድነዋል፤ ከመጥፎ አመራር ግን አያድነውም። ፕሬዚዳንት ሊመረጥ የሚወዳደር ሰው ኮከብ አመጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ዕዳው የሚመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ባርሴሎና የኔይማርን 222 ሚሊዮን ለኩቲኞ፣ ለዴምቤሌ እና ለመሰሎቻቸው ደመወዝና ዋጋ አፍስሶ ጨረሰው። ኦገስት 2021 ላይ ፕሬዚዳንት ዡዋን ላፖርታ የክለቡ ዕዳ 1.35 ቢሊዮን ዩሮ መድረሱን ይፋ አደረጉ። ሜሲ ቢቆይ የደመወዙ ድምር ከገቢው 110 በመቶ፣ ባይቆይም 95 በመቶ እንደሚሆን ተናገሩ። ሜሲ ደመወዙን በግማሽ ለመቀነስ ተስማምቶ ነበር፤ ላሊጋ ግን ለክለቡ ያስቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ ለዚያም ስላልበቃ አልተመዘገበም።

በአባላት ክለብ ሒሳቡን የሚያወራርድ ባለሀብት የለም። ለዚህም ነው በ2022 ባርሴሎና ከሊጉ የሚያገኘውን የቴሌቪዥን ገቢ ሩብ ለ25 ዓመታት የሸጠው። የዛሬው ቡድን የተገዛው ገና ሕፃናት በሆኑ ደጋፊዎች ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ባለሀብት ሁለትና ሦስት ክለብ መያዝ ይችላል?

ይችላል፤ ሁለቱ ክለቦች በአንድ የአውሮፓ ውድድር ሲገናኙ ግን ችግር ይፈጠራል። ክሪስታል ፓላስ በሜይ 2025 ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫውን፣ ኤፍኤ ካፕን አነሣ፤ ለዩሮፓ ሊግም አለፈ። ነገር ግን ከባለድርሻዎቹ አንዱ ጆን ቴክስተር ለዚሁ ውድድር ያለፈው የፈረንሳዩ ክለብ የሊዮንም ባለቤት ስለነበሩ፣ ዩኤፋ ባለቤትነቱ እስከ ማርች 1 መስተካከል ነበረበት ብሎ ፓላስን ወደ ኮንፈረንስ ሊግ አወረደው። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። በሌላ በኩል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ባለድርሻ የሚጋሩት ማንቸስተር ሲቲ እና የስፔኑ ዢሮና የዢሮናን አክሲዮን ለጊዜው በገለልተኛ ባለአደራ እጅ አስቀምጠው በሻምፒዮንስ ሊጉ አብረው ተጫውተዋል። ደንቡን በጊዜ ያነበበ አለፈ፤ በሜዳ ላይ ያሸነፈው ወረደ። ደጋፊው ያጣው ነገር ከሠራው ስሕተት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ኤቨርተን በወራት ውስጥ ሲቀጣ የማንቸስተር ሲቲ ጉዳይ ለምን ዓመታት ፈጀ?

ክሶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የኤቨርተን ክርክር በአንድ ቁጥር ላይ ነበር፤ ከ105 ሚሊዮን ጣሪያው በላይ፣ 124.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሮ ተገኘ፤ ጣሪያውን ማለፉን ክለቡም አመነ። በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ ስድስት ወረደለት፤ ቆይቶ ለሌላ ጥፋት ሁለት ተጨመረበት። በሲቲ ላይ በፌብሩዋሪ 2023 የቀረቡት ከ100 በላይ ክሶች ግን ከ2009 ጀምሮ ያሉ ብዙ የውድድር ዓመታትን የሚሸፍኑ፣ የስፖንሰር ገቢና የደመወዝ አመዘጋገብ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚሉ ናቸው። ክለቡ ሁሉንም አጥብቆ ያስተባብላል። በ2020 ዩኤፋ የጣለበት የሁለት ዓመት እገዳም በስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ተሽሯል፤ ከክሶቹ ከፊሉ በጊዜ ማለፍ ምክንያት ሊታዩ አልቻሉም።

ጊዜ የሚወስድበት ምክንያት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጠበቃ ማቆም የሚችል ክለብ ከማይችለው ይልቅ ረጅም ክርክር ለማድረግ አቅም እንዳለው መካድ አይቻልም፤ የደጋፊው ቅሬታ እዚህ ላይ ሥር አለው።

ባለቤቱ መንግሥት ወይም የመንግሥት ፈንድ ሲሆን ደጋፊው ምን ማድረግ አለበት?

የሳዑዲ ዓረቢያ የኢንቨስትመንት ፈንድ የመራው ጥምረት ኒውካስልን በኦክቶበር 2021 በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ሺሕዎች ስታዲየሙ ደጃፍ ወጥተው ጨፍረዋል፤ የመብት ተሟጋቾች በዚያው ቀን ተቃውመዋል። የከተማው ሰው ለ14 ዓመታት በቀድሞው ባለቤት ሲማረር ኖሯል፤ ደስታውን እረዳለሁ። በ2025 የሊግ ካፑን ሲያነሣም ከ1955 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ ነበር።

ደጋፊ ክለቡን የመረጠው ባለቤቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ስለ ባለቤቱ ድርጊት ተጠያቂ አይሆንም። የሚጠየቅበት ነገር ቢኖር ዋንጫ ስላገኘ ብቻ የባለቤቱ ጠበቃ ሆኖ ሲቆም ነው። ቡድኑን እየደገፉ ባለቤቱን መጠየቅ ይቻላል፤ የዩናይትድ ደጋፊዎች ለሃያ ዓመት አድርገውታል።

ደጋፊ ባለቤቱን ወይም ውሳኔውን ማስቀየር ይችላል?

በተባበረ ጊዜ ውሳኔን አስቀይሯል። በኤፕሪል 18 ቀን 2021 አሥራ ሁለት ክለቦች ሱፐር ሊግ የተባለ የራሳቸውን ውድድር መመሥረታቸውን አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ የቼልሲ ደጋፊዎች ከስታዲየማቸው ከስታምፎርድ ብሪጅ ውጪ መንገዱን ዘግተው የቡድናቸውን አውቶቡስ አስቆሙ፤ የቀድሞው ግብ ጠባቂ ፒተር ቼክ መካከላቸው ገብቶ እንዲያሳልፉ ሲማጸን ታየ። በዚያው ምሽት ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች እየተከታተሉ ወጡ። ባለቤትን ማስወጣት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ካልሸጠ የሚያስገድደው የለም። የተወሰኑ የዩናይትድ ደጋፊዎች በ2005 ተለይተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦቭ ማንቸስተር የተባለውን የራሳቸውን ክለብ መሥርተዋል።

ፖርትስመዝ ሌላ መንገድ አሳይቷል። በ2008 ኤፍኤ ካፕን አንሥቶ በ2010 በዕዳ ተይዞ ሒሳቡን እንዲያስተካክል በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ የወደቀው ክለብ እስከ አራተኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ በ2013 ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። ሒሳቡን አስተካክለው፣ አንድ ዲቪዚዮን ከፍ አድርገው፣ በ2017 ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለማይክል አይዝነር እንዲሸጥ ራሳቸው በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ፤ ስታዲየሙን ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአቅማቸው በላይ ስለነበር ነው። በእንግሊዝ በጁላይ 2025 የጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ደግሞ ባለቤቶችን የሚመረምር ነጻ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል፤ ክለቦች ስታዲየም ሲለውጡ፣ የክለቡን ዓርማ ወይም የማሊያ ቀለም ሲነኩ ደጋፊውን እንዲያማክሩ ያስገድዳል።